ሻሂ ያለ ስኳር

ስለ ሻሂ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ሥራ መፍታት መስሎ ይታይ ይሆናል። ቡና በተገኘበት አገር ተወልዶ ቡና እየጠጣ ያደገ ሰው ብዕሩን አንሥቶ ስለ ሻሂ ቅጠል ሲተርክ፥ የገዛ እናቱን ወጥ ትቶ የጎረቤትን ወጥ እንደሚያመሰግን ልጅ መምሰሉም አልጠፋኝም። ነገር ግን እኔ ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ወድጄ ሳይሆን ተቸግሬ ስለ ሆነ፥ አንባቢዬ ጥቂት ቢታገሠኝ ምክንያቴን ያገኘዋል።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ምክንያት የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ጉልምስናቸውን የጨረሱት በአዋሽ፥ በገዋኔ፥ በሚሌ፥ በሎግያ፥ በማንዳና በቡሬ በኩል ወደ ወደቡ ሲወርዱና ሲወጡ ነው። የዚያ መንገድ ሾፌር በየማረፊያው ሻሂ ይጠጣል። በዚያ ሙቀት ትኩስ ነገር መጠጣት ለደገኛ ሰው እንግዳ ቢመስልም፥ እሳቸው «ላብን የሚያበርደው ላብ ነው» ይሉ ነበር። ሻሂው ጥቁር፥ ብርጭቆው ትንሽ፥ ስኳሩ አራት ማንኪያ ነው፤ ከስኳሩም ከፊሉ ሳይሟሟ ከሥር ተኝቶ ይቆይና በመጨረሻ በማንኪያ ተጠርጎ ይበላል። ኋላም በጅቡቲ መሥመር ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፥ ከመንገዱ ይዘውት ወደ ቤት የገቡት ንብረት ቢኖር ይህ ልማድ ነው።

በቤታችን ማታ 1 ሰዓት የሻሂ ሰዓት ነበር። እናቴ ማንቆርቆሪያውን ይጥዱና ውሃውን፥ ቅጠሉን፥ ቀረፋውን፥ ቅርንፉዱን፥ ሄሉንና ስኳሩን በአንድነት ጨምረው የቤቱ ሰው ተሰብስቦ እስኪያልቅ ድረስ ያንተከትኩታል። የትምህርት ቤት ውጤት የሚነበበው፥ የሠርግ ወጪ የሚቈጠረው፥ በዘመድ መካከል የተነሣ ጠብ የሚታየው በዚያ ሰዓት ነበር። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የተቀጠርኩ ጊዜ የመጀመሪያ ደመወዜ እንዴት እንደሚከፋፈል የተወሰነው በዚሁ ሸንጎ ፊት ነው፤ ለባለቤቱ ስንት እንደ ደረሰው ባልናገር ይሻላል።

በዚያ ሁሉ ዘመን አባቴ የመጀመሪያውን ጕንጭ ከጠጡ በኋላ የማይተዉት አንድ ቃል ነበራቸው፦

«ሻሂ ማለት የአሰብ ሻሂ ነው። የዚህ አገር ሻሂ ቀለም እንጂ ጣዕም የለውም።»

እናቴም ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዙ «ለመሆኑ የአሰቡን ሻሂ ታፈላልዎ የነበረችው ማን ነበረች?» ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም እንሥቅ ነበር። የሽማግሌ ሰው ናፍቆት ነው ብለን አልፈነዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ እግራቸው እየደነዘዘ፥ ሌሊትም እየጠማቸው ስለ ተቸገሩ ወደ ሐኪም ወሰድኳቸው። የስኳር በሽታ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ኪኒን ካዘዙ በኋላ «በቀን ስንት ሻሂ ይጠጣሉ?» ብለው ጠየቁ። አባቴ «አምስት» አሉ። «በስንት ማንኪያ ስኳር?» ሲሏቸው ግን ዝም ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም መለስኩ። ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡስ ትኬት ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራሁት፤ 5 ብርጭቆ በ4 ማንኪያ 20 ማንኪያ ነው፤ አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ቢመዝን 80 ግራም ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው እንኳ ተጨማሪ ስኳር በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ ሲመክር፥ አባቴ ይህን የሚያልፉት ገና ራት ሳይቀርብ ነበር።

አባቴ በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልተጣሉም። እናቴ ስኳሩን ከማንቆርቆሪያው ባስቀሩበት ምሽት አንድ ጊዜ ፉት ብለው ብርጭቆውን አስቀመጡና «የፈላ ሣር ነው» አሉ። በማግሥቱ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን ራዲዮናቸውን ይዘው ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እሳቸው በሌሉበት ሸንጎው አልቆመም፤ ወንድሜ በዚያ ሰዓት መውጣት ጀመረ፥ እኔም የመሥሪያ ቤት ወረቀት ይዤ ወደ ጥግ ዞርኩ። እናቴ ጥቂት ቀን ለብቻቸው አፍልተው ሲያበቁ ማንቆርቆሪያውን አጥበው ከመደርደሪያው ላይ ሰቀሉት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ተልኬ በሰፈራችን ሳልፍ፥ ከጥጉ ሻሂ ቤት በር ላይ አባቴን አየኋቸው። ከፊታቸው ትንሽ ብርጭቆ አለ፤ ከሥሩም ስኳሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዐይን ለዐይን ተጋጠምን። የአሰብን መንገድ በእሳት ዘመን የተመላለሱ ሰው፥ ማር ሲሰርቅ እንደ ተያዘ ሕፃን ዐይናቸውን ወደ ምድር ጣሉ። እኔ እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ። ያን ቀን አንዲት አጭር ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ ከክፍሉ ኃላፊ ተግሣጽ ተቀበልኩ፤ ነገር ግን ልቤ ከዚያ አልነበረም። አባትን መከልከል ለልጅ የሚሆን ሥራ አይደለም። ይልቁንስ «ያለ ስኳር ሻሂ ስለ ምን አይጠጣም?» ብዬ መጠየቅ እንደሚገባኝ የተረዳሁት በዚያ ቀን ነው።

በመጀመሪያ የእናቴን ሻሂ ያለ ስኳር ቀምሼ አየሁ። አባቴ እውነታቸውን ነበር። ምላስን ያኮማትራል፥ ይመርራል፥ ከመራራነቱም በኋላ የሚቀር ነገር የለውም። ምክንያቱን ፈልጌ ያገኘሁት ይህ ነው፦ በቅጠሉ ውስጥ ያለው መዓዛና የሚያነቃው ነገር ወደ ውሃው የሚወጣው ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሲሆን፥ ታኒን የሚባለው ምላስ የሚያስይዘው ነገር ግን ቅጠሉ ከውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ መውጣቱን አይተውም። ግማሽ ሰዓት በእሳት ላይ የተንተከተከ ቅጠል ታኒኑን አሟጥጦ ሲሰጥ መዓዛው በእንፋሎት ሆኖ ወደ ጣሪያ ሄዷል። ስኳሩ ይህን ጉድለት ይሸፍን ነበር፤ ስኳሩ ሲነሣ ጉድለቱ ራቁቱን ቀረ።

ስለ ቅጠሉም ለማወቅ ተጣጣርኩ። ጥቁርና አረንጓዴ ሻሂ የአንድ ቊጥቋጦ ልጆች መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። እምቡጡና ከሥሩ ያሉት ሁለት ለጋ ቅጠሎች ይቀጠፋሉ፤ ጠውልገው ከለሰለሱ በኋላ ይታሻሉ፤ የታሸው ቅጠል አየር ሲያገኘው፥ ተልጦ የተቀመጠ ድንች እንደሚጠቁር፥ እየጠቆረ ይሄዳል፤ በመጨረሻ በሙቀት ደርቆ ይታሸጋል። ቅጠሉ እንዲጠቁር ሳይተዉት ወዲያው በሙቀት ያስቆሙት እንደሆነ አረንጓዴው ይሆናል። በክር ታስሮ በወረቀት ከረጢት የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሲነፋ ከሥር የቀረው ደቃቅ ነው፤ ቶሎ ቀለም ስለሚሰጥ ለቢሮ ይሆናል፥ ከዚያ በላይ አላመሰግነውም።

ሁለት ዓይነት ቅጠል ገባልኝ። አንደኛውን ለሥራ ወደ ቦንጋ የሄደ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ከከፋ አመጣልኝ፤ የውሽውሽ ሻሂ ነው። ደቀቅ ያለ፥ ቀለሙ ቶሎ የሚወጣ፥ ጠንከር ያለ ነው። ሁለተኛውን በዱባይ ያለችው እኅቴ በቆርቆሮ አሽጋ ላከችልኝ፤ የሲሎን ቅጠል ነው፥ ማለት የዛሬዋ የስሪ ላንካ፤ ረጃጅምና እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ ሆኖ ውሃ ሲያገኝ ይተረተርና የቅጠል መልክ ይይዛል። የዚያች ደሴት ነገር ያስገርማል። ሲሎን የቡና አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1869 የቡና ቅጠል ዋግ ታየባትና በጥቂት ዓመታት ውስጥ እርሻዋን አጠፋባት። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፥ በ1867፥ ጀምስ ቴይለር የተባለ አንድ ስኮትላንዳዊ ሉልኮንደራ በሚባል ስፍራ ሻሂ ተክሎ ስለ ነበር፥ ቡናው ሲሞት ገበሬው ሁሉ ወደ ሻሂ ዞረ። እንግዲህ የእኛ ቡና እዚያ ስለ ጠፋ ሻሂው በዛ፤ ሻሂውም በበኩሉ የቡና አገር ወደሆኑት ወደ ጎሬና ወደ ከፋ መጥቶ በጉማሮና በውሽውሽ ተተከለ። አባቴ ይህን ሲሰሙ «ሁሉም ጭኖ ሲመለስ ባዶ አይመለስም» አሉ፤ የሾፌር ፍልስፍና ነው።

ነገር ግን ይህን ወሬ ለአባቴ ከማውራቴ በፊት የሆነ ነገር አለ፤ ዋናውም እሱ ነው።

ቅጠሉን ለይቼ፥ ፈልቶ የወረደ ውሃ እያፈሰስኩ ብሞክርም ሻሂው ሰነፍ ሆነብኝ። በመጻሕፍት የተጻፈው ሁሉ ጥቁር ሻሂ 100 ዲግሪ የፈላ ውሃ ይፈልጋል ይላል። ውሃዬ ደግሞ ፈልቷል፤ ክዳኑን እያነሣ ይጥላል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ለሚያስተምር ጓደኛዬ ይህን ባወራው ሣቀብኝና በማግሥቱ ቴርሞሜትር ይዞ ቤቴ መጣ። የሚንተከተከው ውሃ ውስጥ ከተትነው። 92 ላይ ቆመ። እሳቱን ብንጨምርበት እንፋሎቱ በዛ እንጂ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ክብደት አነስተኛ ስለ ሆነ ውሃው 100 ሳይደርስ ይፈላል፤ ከባሕሩ ዳር ግን ሙሉውን 100 ይደርሳል። ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ ተምሬ በፈተናም መልሼዋለሁ፤ ግን ከማንቆርቆሪያችን ጋር ዝምድና እንዳለው ማን አስቦ!

የአሰብ ሻሂ!

ቴርሞሜትሩን እንደ ያዝኩ ወደ አባቴ ክፍል ገባሁ። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። ራዲዮውን ዘጉና ብዙ ዝም አሉ።

«ይህን ያህል ዓመት በገዛ ቤቴ ዋሾ ስባል ኖሬአለሁ» አሉ ቀጥለው።

«አባባ፥ ማን ዋሾ አለዎት?»

«ሣቃችሁ ብሏል። ደግሞስ ይኼ ምን ጥናት ያስፈልገዋል? ዳገት ላይ ራዲያተር ቶሎ እንደሚፈላ የማያውቅ ሾፌር አለ? ቆላ ወርደህ ያ መኪና ያን ጭነት ይዞ ይታገሣል። ውሃ ደጋ ላይ ትዕግሥት የለውም።» ከዚያም ጫማቸውን ፈለጉ። «በል ና፤ እንዴት እንደምታፈላው አሳየኝ።»

ከአንድ ወር በላይ በማታ ያልወጡበትን በር ወጥተው ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የሁለታችን ሆነ። ሻሂ ቀማሾች የሚሠሩበት እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ግራም ቅጠል፥ ጊዜውም 6 ደቂቃ ነው። ከዚህ ተነሥተን በአሮጌ መዝገብ ላይ መስመር አስምሬ ቅጠሉን፥ ግራሙን፥ ደቂቃውንና የአባቴን ፍርድ መጻፍ ጀመርኩ። ፍርዳቸው አጭር ነው፤ «ውሃ»፥ «ሣር»፥ «ይሻላል»፥ አንድ ጊዜም «ገዋኔ»። ገዋኔ ማለት መንገዱ ተጋምሷል ማለት መሆኑን በኋላ ተረዳሁ።

ውሃውን ከ92 በላይ ማድረስ ባይቻልም ያለውን ሙቀት እንዳይባክን መጠበቅ ይቻላል። በራዱን አስቀድመን በፈላ ውሃ አሙቀን ውሃውን እንደፋለን፤ ቅጠሉን ከጨመርን በኋላ የሚንተከተከውን ውሃ ከእሳቱ ላይ እንዳለ፥ ሳናሳድር፥ እናፈስበታለን፤ ከድነን በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ እንጠቀልለዋለን። ለሲሎኑ ረጅም ቅጠል 6 ደቂቃ፥ ለውሽውሹ ደቃቅ 4 ደቂቃ ተስማማን። ጊዜው ሲደርስ ሻሂውን በሙሉ በማጥለያ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ በቅጠሉ ላይ የተረሳ ሻሂ ወደ ቀድሞው መራራነት ይመለሳልና። እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 በጋዜጣ ባወጣው ጽሑፍ ስለ ሻሂ አፈላል 11 ደንቦች ዘርዝሯል፤ በራዱ ይሙቅ፥ ውሃው እየፈላ ይፍሰስ ይላል፤ በመጨረሻውም ስኳርን ይከለክላል። ለአባቴ ብነግራቸው «ሰውየው አሰብ ወርዶ ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር።

ቀማሾች ሻሂውን በማንኪያ አንሥተው ከአየር ጋር በኃይል ይስቡታል፤ ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል። አየሩ መዓዛውን ከአፍ ወደ አፍንጫ ስለሚያወጣው ነው። አባቴና እኔ ይህንን ስናደርግ እናቴ ከሳሎን ሆነው «ፈጣሪዬ!» አሉ። በልጅነቴ ሻሂ ሲጠጡ ድምፅ ማሰማት ነውር ነው ብለው የገሠጹኝ እሳቸው ነበሩና።

በዚህ ስፍራ የራሴን ጥፋት መጻፍ ይገባኛል። እኔ መዝገቤን ይዤ ስመራመር እናቴን ረስቻቸው ነበር። አንድ ምሽት ለወንድሜ ስለ ታኒን እያስረዳሁ፥ ቅጠል በእሳት ላይ ማንተክተክ ምን ያህል ስሕተት እንደ ሆነ ስናገር እናቴ ሰሙኝ። አልተቆጡም። ማንቆርቆሪያቸውን ከመደርደሪያው አውርደው በጨርቅ ይወለውሉት ጀመር፤ ንጹሕ ነበር።

«እንግዲህ እስከ ዛሬ ለአባትህ መርዝ ሳጠጣው ኖሬአለሁ ማለት ነው» አሉ። ሁልጊዜ «እሳቸው» ይሏቸው የነበሩትን ሰው ያን ዕለት እንደ ባዳ ሰው አቅልለው ጠሯቸው።

ምን ልመልስ? መዝገቤ ለዚህ መልስ አልነበረውም። «እማማ፥ ስኳሩ ነው እንጂ» ብል፥ ስኳሩንም የጨመሩት እሳቸው ናቸው። በሽታው ከሻሂው ብቻ አልመጣም፥ በዘርም አለ ብዬ ሐኪሙ የነገሩኝን ደገምኩ፤ አልሰሙኝም። ያን ሌሊት ከልቤ አዘንኩ። ቤቱን ወደ ሸንጎው ለመመለስ ስደክም አንዱን አስገብቼ ሌላውን ማስወጣቴ ነበር።

እናቴን የመለሱት አባቴ ናቸው። በሁለተኛው ቀን ማታ የቀዳሁላቸውን ሻሂ ቀምሰው ለእናቴ ብርጭቆውን ዘረጉላቸውና «ቅመሽው። አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ እሱ ግን አያውቀውም» አሉ። እናቴ ቀመሱ። ረጅም ጊዜ ቆይተው «ቀረፋ» አሉ።

«ቅጠሉ ከቀረፋው ጋር ከፈላ እኮ…» ብዬ ብጀምር አቋረጡኝ፦

«ቅመሙ እሳት ይወዳል። ቅጠሉ እሳት አይወድም ካልክ ለየብቻ ነዋ! ይኼን የሚያህል ነገር በመዝገብ ይጻፋል?»

ውሃውን ከቀረፋና ከጥቂት ሄል ጋር ብቻ ጥደው ቤቱ እስኪሸት አፈሉት። ቅርንፉዱን ተዉት፤ ያለ ስኳር ምላስ ይቆነጥጣል አሉ። ከዚያ ያንን ውሃ እየፈላ በቅጠሉ ላይ አፈሰስነውና ጠቀለልነው። ቀረፋ ስኳር ሳይኖርበት የጣፋጭ ነገር ሽታ ስላለው ምላስን ያባብላል። በመዝገቡ ላይ የዚያን ምሽት ፍርድ «ሚሌ» ብዬ ጽፌአለሁ።

አንባቢዬ ከዚህ ቀጥሎ አባቴ ስኳርን በአንድ ቀን ጣሉ ብዬ እንድነግረው ይጠብቅ ይሆናል። አልሆነም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማንኪያ፥ ከዚያ ግማሽ፥ ከዚያ የማንኪያው ጫፍ፤ ወደ ሦስት ወር ያህል ፈጀ። ምላስም እንደ ሰው ቀስ በቀስ ይለምዳል። ሻሂው በሽታውን አላዳነም፥ እንዲያድን የጠበቀም የለም፤ ኪኒናቸውን ይውጣሉ፥ በየሦስት ወሩ ይመረመራሉ። ሻሂ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያሰናክል ራቱንም ወደ 3 ሰዓት ገፋነው። ወደ ጥጉ ሻሂ ቤት መሄዳቸውን ትተው እንደ ሆነ ግን አልጠየቅኋቸውም። በዚያ በኩል በረፋድ የሚያሳልፍ ጉዳይ ሲገጥመኝ ዞሬ እሄዳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እኅቴ ከዱባይ ለዕረፍት መጥታ ሁላችንም ተሰብስበን ነበር። እናቴ ውሃውን ጣዱ፥ እኔ በራዱን አሞቅሁ። ቀድቼ ሳዞር አባቴ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው መዓዛውን ሳቡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ደቂቃ አቆየኸው?»

«አምስት፥ አባባ።»

«ስድስት አድርገው። ደጋ መሆንህን አትርሳ።»